ሐሙስን እሁድ የምትጨርስ ሴት

በየሕንፃው አንዲት አትጠፋም። እኛ እሁድን ጋደም ብለን ሰኞን እየፈራን ስናሳልፍ፣ እሷ ሐሙስን ቀቅላና ጠብሳ፣ አቀዝቅዛና ከድና፣ ጠርዙ ላይ ስሙን ለጥፋ ፍሪዘር ውስጥ ታስገባዋለች። እንዲህ ላለችው ሴት ሳምንት ገና የሚመጣ ነገር አይደለም። ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የቀረው ማሞቅ ብቻ ነው። በአገራችን እንዲህ ያለች ሴት የሌለችበት ፎቅ ካለ፣ ቀለሙ ያልደረቀ፣ ሰው ገና ያልገባበት ፎቅ መሆን አለበት።

የእኛዋ ክብርት ወይዘሮ ቺዙ ኢማዳ ትባላለች፤ በኦካያማ ከተማ፣ በአሳሂ ወንዝ ዳር፣ የአሮጌው ሕንፃ የአራተኛ ፎቅ እመቤት፣ የፍሪዘሮች ሁሉ የበላይ ጠባቂ። ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀን መኖር ከጀመርን ሃያ ዓመት አልፎናል። እኩያዬ ናት፤ በዕድሜ ማለቴ ነው እንጂ በማዕረግማ የት ደርሼባት! እኔ ሺራይ ለከተማችን ጋዜጣ እንዲህ ያለ ወግ እየጫርኩ የምኖር፣ ሚስት የሌለኝ፣ ኖራኝም የማታውቅ፣ ምሳዬን ከማዕዘኑ ሱቅ በላስቲክ አንጠልጥዬ የምገባ ሰው ነኝ። ይህ የመጨረሻው ነገር በእሷ ሕግ ወንጀል ነው።

ከሱቅ ስመለስ ሊፍት ውስጥ ትይዘኛለች። እንዴት እንደምታውቅ እንጃ፤ ላስቲኩ ገና ሲንኮሻኮሽ ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ አጠገቤ ቆማለች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምሳ ነው፣ ክብርት ሆይ።»

«ምሳን እኔ አጥቼው ነው? ይሄ ሬሳ ነው። ሩዙን እየው እስቲ! ማን እንደቀቀለው የማይታወቅ ሩዝ ይበላል?»

«ራበኝ፤ ምን ላድርግ?»

«እንደሚርብህ እሁድ ዕለት አታውቅም ነበር?»

ሊፍቱ አራተኛ ፎቅ እስኪደርስ ጫማዬን አያለሁ።

ሕጎቿ ብዙ ናቸው። ሁለቱን ግን ሕንፃው በሙሉ በቃሉ ያውቃቸዋል። አንደኛው «ሳይበርድ አይከደንም» የሚለው ነው። ትኩስ ምግብ ላይ ክዳን የገጠመ ሰው እንፋሎቱን ውሃ አድርጎ መልሶ ምግቡ ላይ ያዘንበዋል፤ እስከ ቀትር ምሳው ይበላሻል፤ የበላው ሰው ቢታመም እጁ አለበት። ሁለተኛው «ክፍተት ጠላት ነው» የሚለው ነው። ምሳ ዕቃ ውስጥ ጣት የምታስገባ ባዶ ቦታ ከተረፈች፣ ባቡሩ ሲንገጫገጭ ዓሣው ሩዙ ላይ፣ ሩዙ ካሮቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እያንዳንዷ ቀዳዳ በአንድ ቁራጭ ብሮኮሊ፣ በአንድ ፍሬ አኩሪ አተር ትደፈናለች። አንድ ጊዜ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ጥበት ስንጨቃጨቅ ብድግ አለችና «የናንተ ችግር ቦታ አይደለም፤ ክፍተት ነው» ብላ ወርዳ ብስክሌቶቹን አንድ በአንድ ጠቅጥቃ ደረደረቻቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንም ሰው የራሱን ብስክሌት ማውጣት አልቻለም። በነፋስ የወደቀ ግን አንድም የለም።

እሁድ ጠዋት የዝንጅብልና የሶያ ሶስ ሽታ ግድግዳውን አልፎ አልጋዬ ድረስ ይመጣል። ዶሮው ይጠበሳል፤ የባሕር አረሙ ከካሮት ጋር ይንተከተካል፤ ጨው የበላው ሳልመን ይገለበጣል። ከዚያ በአራት ማዕዘኗ መጥበሻ ላይ እንቁላሉ በስሱ እየፈሰሰ፣ እየተጠቀለለ፣ እንደገና እየፈሰሰበት ይወፍራል። ሲበርድ ይቆረጣል። ወርቅ የመሰለው መሀሉ ወደ ምሳ ዕቃው ይገባል፤ የተንጨፋረሩት ጫፎቹ መክተፊያው ላይ ይቀራሉ። ጨው ልበደር ብዬ ስገባ የማገኛት ሁልጊዜ በዚያው ሁኔታ ነው፤ ቆማ፣ በአንድ እጇ ማራገቢያ ይዛ ሩዙን እያራገበች፣ በሌላው እጇ የእንቁላሉን ጫፍ አፏ ውስጥ እየጣለች።

«ትንሽ ጨው ፈልጌ ነበር።»

«ጨው ለአንተ ምን ያደርግልሃል? የሱቁ ሩዝ ላይ ልትነሰንሰው ነው? ሬሳን ጨው አያድነውም።»

ጨውን ግን ትሰጠኛለች፤ ለዚያውም በቁና።

ይህ ሁሉ ስንቅ የሚቋጠረው ለባሏ ለአቶ ኮሄይ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሩቁ ሺዙኦካ ከተማ ሲያዛውረው ሴት ልጃቸው ትምህርት ላይ ነበረች፤ እናቱም ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ስለዚህ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ባሎች ቤተሰቡን ትቶ ብቻውን ሄደ። «ለሦስት ዓመት ነው» ተባለ። ሦስቱ ዓመት ሌላ ሦስት ወለደ፤ ያም ሌላ ወለደ። ልጅቷ ተምራ፣ አግብታ፣ ሆካይዶ ገባች። እናቱም ዐረፉ። እሱ ግን እዚያው ቀረ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ይመጣና እሁድ አመሻሹ ላይ የበረዶ ቦርሳውን ሞልቶ በፈጣኑ ባቡር ይመለሳል። ቦርሳው ውስጥ ያሉት እስኪመለስ ድረስ የሚበላቸው ምሳዎች ናቸው፤ የማክሰኞው ከረቡዑ እንዳይደባለቅ በየክዳኑ ላይ የቀኑ ስም ተለጥፎበታል።

ባዶዎቹን ምሳ ዕቃዎች አጥቦ ይመልሳል። እሷም ትቀበለውና «እንዴት ነበር?» ትለዋለች።

«ጥሩ ነበር» ይላል አቶ ኮሄይ።

ዶሮውም ጥሩ ነበር፤ ዓሣውም ጥሩ ነበር። አንድ ሰሞን በስኳር ፋንታ ጨው ጨምራበት፣ እሱ ከሄደ በኋላ ጫፉን ቀምሳ ያወቀችው እንቁላል እንኳን ሲመለስ «ጥሩ ነበር»። ይህን ስትነግረኝ እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ይብላው፣ ለዓሣ ይጣለው፣ በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። «እኔ የማየው ባዶውን ብቻ ነው።»

አንድ ዓመት በነሐሴ አውሎ ነፋሱ መጣና የከተማውን መብራት አጠፋ። የሌሎቻችን ጭንቀት ሊፍቱና የሞቀው ቢራችን ነበር። ወይዘሮ ቺዙ ግን የፍሪዘሩን በር ይዛ ከታማሚ እናት አጠገብ እንደተቀመጠ ሰው ስትጠብቅ አረፈደች። ከሰዓት በኋላ በረዶው ሲቀልጥ ተስፋ ቆረጠችና ለሚመጣው እሁድ ያዘጋጀቻቸውን ምሳዎች በሰፌድ ደርድራ ቤት ለቤት ማደል ጀመረች። እኔ ረቡዕ ደረሰኝ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ፣ አቶ ዮኮጋዋ፣ ዓርብ ደረሳቸው፤ የደረሳቸው ዓሣ ነው።

«ማክሰኞ ዶሮ ነው አሉ» አሏት ሽማግሌው በትሕትና። «መለወጥ ይቻላል?»

«አይቻልም! ማክሰኞ ለሁለተኛ ፎቅ ወጥቷል። ደግሞ ዓርብ ምን ሆነና ነው?»

«ምንም አልሆነም፣ እመቤቴ። እኔ ነኝ ዓሣ የማልወደው።»

«እሱ ሳይናገር ነው የሚበላው!» አለችና፣ እዚያው ደረጃው ላይ ድምፅዋ ተሰበረ።

ሽማግሌው ደነገጡ፤ ዓርብን እዚያው ቆመው እስከ መጨረሻዋ ፍሬ በሉላት። እኔ ሰፌዱን ተቀብያት ወደ ላይ ይዣት ወጣሁ። በራፏ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ሌላ ምን ልልክለት ነበር፣ ሺራይ?» አለችኝ። «ደብዳቤ አንጽፍ፣ ስልክ ላይ ወሬ አናውቅ። ይቺኑ ነበር የምልከው። አንዳንዴ ረቡዕ ቀትር ላይ ሰዓቱን አይና ‹አሁን ክዳኑን ከፈተ› እላለሁ። እንግዲህ በሚመጣው ረቡዕ ምን እላለሁ?»

«ሰውዬው ሱቅ አለለት፤ አይራብም።»

«እሱማ አይራብም» አለች። «ጡረታ ወጥቶ የተመለሰ ዕለት እነዚህን ምሳ ዕቃዎች አንድ ሳላስቀር ለቆሻሻ መኪና ነው የምሰጣቸው። ከመጥበሻው ላይ እያነሣሁ፣ ትኩስ ትኩሱን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን። ሌላ ከዚህ ዓለም የምፈልገው የለኝም።»

አንጀቴን በላችው። ቤቴ ገብቼ ረቡዕን በላሁ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ እንደዚያ ያለ ምሳ በልቼ አላውቅም።

አቶ ኮሄይ በተከታዩ መጋቢት መጨረሻ ጡረታ ወጥቶ፣ ሻንጣዎቹን ሁሉ ይዞ፣ ለዘለቄታው ተመለሰ። ሕንፃው በሙሉ በር ላይ ወጥቶ ተቀበለው። ሚስቱ አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር። እኔም ቆሻሻ መኪናው የሚመጣበትን ቀን ለማየት ቀን መቁጠሪያዬን ገለጥኩ።

የመጀመሪያዋ እሁድ አመሻሽ ላይ ላስቲኬን አንጠልጥዬ ታች ሊፍት ስጠብቅ በሩ ተከፈተና አቶ ኮሄይ ከነካፖርቱ፣ ከነበረዶ ቦርሳው፣ ወጣ። ወይዘሮ ቺዙ እስከ ታች ሸኝታው ኖሮ ከኋላው ቆማለች።

«ወዴት ነው፣ አቶ ኮሄይ?» አልኩት።

«ወደ ሺዙ…» ብሎ ቆመ።

ሦስታችንም ቦርሳውን አየነው። ጢም ብሎ ሞልቷል። ያችን ሰዓት ጠብቆ እግሩ ተነሥቷል፤ እጇም ቋጥሮ ሰጥቶታል፤ «በሰላም ግባ» ብላም ሸኝታዋለች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከገዛ ቤታቸው ተሸኛኝተው ሲያበቁ ሊፍት ደጃፍ ላይ ገና አሁን ነቁ። መሳቅ ነበረብን፤ እኔማ ጀምሬው ነበር። የእሷን ፊት ሳይ ዋጥኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከግድግዳው ወዲህ ሆኜ ሰማሁት፤ ከመስኮቴም አየሁት። እሁድ እሁድ ሽታው እንደ ድሮው ይመጣል። ሰኞ ቀትር ላይ የማይክሮዌቭ ደወል ይጮኻል። ከዚያ በር ይከፈታል፤ አቶ ኮሄይ የተቋጠረ ምሳ ዕቃውን በብብቱ ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳል፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን በልቶ፣ በቧንቧው አጥቦ ይመለሳል። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ እንደዚያው። ሲገናኙ እንደ ሆቴል እንግዳ «ይቅርታ»፣ «አመሰግናለሁ»፣ «ጥሩ ነበር» ይባባላሉ።

እሷም ክፉኛ ተለወጠች። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ ገባች፤ ላስቲኬን አየችው፤ ምንም አላለችም። ሆን ብዬ አንኮሻኮሽኩት። የሱቁን ሩዝ አውጥቼ አፍንጫዋ ሥር አደረግሁላት። ወደ በሩ ዞረች። ያኔ ነው ለራሴ ያመንኩት፦ ሕንፃችን ደረጃ አለው፤ ስድቧን ብጠላ ኖሮ ሃያ ዓመት ሙሉ በደረጃ እወጣ ነበር። ምሳዬ ያለ እሷ ስድብ ጨው አልባ ሆነብኝ።

«ምን ሆነሻል፣ ቺዙ?» አልኳት፤ ‹ክብርት ሆይ›ን ትቼ።

«ይሸሸኛል» አለች። «ጠረጴዛው ተዘርግቶ፣ ወንበሩ ሁለት ሆኖ፣ ይሸሸኛል። ያኔስ ሥራ ነው የወሰደው ብዬ ነበር። አሁን ማን ወሰደው ልበል?»

በማግስቱ ወደ ወንዙ ወረድኩ። አቶ ኮሄይ ክዳኑን ጭኑ ላይ አድርጎ በቀስታ ያኝካል። ካጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እቤት አይበላም እንዴ?»

«ሞክሬ ነበር» አለ። የሰውዬው ቁጥብነት ከሌላ ዓለም ነው፤ ቀጣዩ ቃል እስኪመጣ ሁለት ጀልባ አለፈ። «ትቆማለች፣ አቶ ሺራይ። እኔ እበላለሁ፤ እሷ ቆማ ታየኛለች። ከየትኛው እንደጀመርኩ፣ የቱን እንዳስቀረሁ። ተቀመጪ ብላት ‹እኔ በልቻለሁ› ትላለች። ብቻዬን ስበላ ኖሬ ሰው ፊት ማኘክ ጠፍቶኛል፤ እሷ ደግሞ ዓይኗን አትነቅልም። አልወርድ ይለኛል።»

«‹ጥሩ ነበር› ብቻ ስትላት ጊዜ ነዋ፣ ከዓይንህ ልታነበው የምትሞክረው።»

«ሌላ ምን ይባላል?» አለ፤ ከልቡ ግራ ገብቶት። «ረቡዕ ረቡዕ ክዳኑን ስከፍት እንባዬ ይመጣ ነበር። ይሄ ይባላል?»

ይባላል እንጂ፣ አንተ ግንድ፣ ልለው ፈለግሁ። ሰውዬውን ግን መቆጣት አይቻልም፤ ግራ ቀኙን ያልለየ እንግዳ ይመስላል። እሱ ራሱ ደግሞ፣ «ለመሆኑ እሷ ምንድን ነው የምትበላው?» አለኝ።

«አታውቅም?»

«‹በልቻለሁ› ትላለች።»

«የእንቁላሉን ጫፍ» አልኩት። «ቆማ። ለአንተ ከማይሆነው ሁሉ የተረፈውን። እኔ እስከማውቀው ድረስ ሌላ ምሳ የላትም።»

አቶ ኮሄይ ጭኑ ላይ ያለውን እንቁላል አየው። ወርቅ የመሰለው መሀሉ ነበር። የመብያ እንጨቶቹን አስቀመጠና ምሳውን ሳይጨርስ ከደነው።

እሁድ ጠዋት ቤቴን አንኳኳ። በእጁ እንቁላል፣ ሩዝና ሳልመን፣ በብብቱ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዟል።

«ምሳ መሥራት አስተምረኝ» አለ።

እኔን! የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል እንጂ፣ በላስቲክ ምሳ የሚኖር ሰው ዘንድ ለሙያ የመጣ ሰው ከዚያን ቀን በፊት አላየሁም። መጥበሻዬ ክብ ነው፤ ያም ዝገት አለበት። የመጀመሪያውን እንቁላል ስንጠቀልለው ተቀደደ። ሁለተኛው ወጥቶ ምድጃው ላይ ተኛ። ሦስተኛውን «እኔ ልያዘው» «አይ እኔ ልያዘው» ስንባባል ከሰል ሆነ። የዚያን ቀኑ ሽታ በተራው ከእኔ ቤት ወደ እነሱ ቤት አለፈ። ወዲያው በሩ ተደበደበ። አቶ ኮሄይ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ ያን የሚያህል ሰው።

«ሺራይ! ቤትህ እየተቃጠለ ነው?»

በሩን ገርበብ አደረግሁት። «ወግ እየጻፍኩ ነው።»

«ወግ እንዲህ ይሸታል?»

«የኔ ይሸታል።»

«እሱስ እውነትህን ነው» ብላ ተመለሰች፤ ደስ አለኝ፣ ስድብ ነበረበት።

አራተኛው እንቁላል ጥቅልልም አይደለም፣ ጥብስም አይደለም፤ ግን ይበላል። ሩዙን ከማሰሮው እንደወጣ አጎረው። ሳልመኑ ተሰባበረ። ጎን በጎን ባዶ ቦታ ቢተርፍም የሚደፍንበት አልነበረውም። እንፋሎቱ ገና ሲትጎለጎል ክዳኑን ገጠመና በጨርቅ ቋጠረው። ሕጉን ሁለታችንም እያወቅን ጣስነው።

«አብረኸኝ ውረድ» አለኝ። «ብቻዬን አልችልም።»

ሚስቱን ከነሽርጧ፣ ከነማራገቢያዋ፣ ከምድጃው ላይ ነጥቆ አመጣት። «ዶሮዬ!» እያለች ወረደች። እኔ ከኋላቸው፣ እንደ ሌባ፣ ራቅ ብዬ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ አግዳሚው ላይ አስቀመጣትና ቋጠሮውን ጭኗ ላይ አኖረላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምሳሽ ነው።»

«የኔ?»

«ያንቺ። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ጨርቁን ፈታች። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጇ ስትይዘው ሙቀቱ ተሰማት፤ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ጭኗ ላይ ያለውን ታየው ጀመር። እኔ ከአንድ ዛፍ ሥር ተደበቅሁ።

«ምን አለበት?» አለችው፤ በቀስታ።

«ክፈቺና እይዋ።»

እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች። አልከፈተችውም።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ» አለች፣ «ምን እንዳለበት የማላውቀው ምሳ በእጄ ይዤ አላውቅም።»

አቶ ኮሄይ አንገቱን ደፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ጥሩ ነበር» አላለም። «ይበርድብሻል» አላት።

«ቆይ፣ ኮሄይ። ትንሽ ተወኝ። አንዴ ከከፈትኩት አውቀዋለሁ።»

ውስጡ ያለውን ጉድ በዓይኔ ያየሁት እኔ፣ ለራሴ ብዬ ሳይሆን ለእሷ ብዬ፣ ባትከፍተው ብዬ ጸለይኩ። ባሏ ግን ካጠገቧ ተጠግቶ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ።

«እሺ» አላት። «የምቸኩልለት ባቡር የለኝም።»